ቼሮኪን ከቤተሰብ ጋር፦ በሰመር ይሻላል ወይስ በኦክቶበር?

ማሪዬታዊት
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከአትላንታ ወጣ ብለን ቼሮኪ ከተማን ለማየት አስበናል። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ስሞኪ ተራሮች ስር ያለችውን ማለቴ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ6 እና የ10 ዓመት ልጆቻችን፣ እና ከጎንደር የመጣችው እናቴ ነን። እናቴ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ስለምትቆይ የጊዜ ችግር የለብንም።

ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለ ቼሮኪዎች፣ ማለት ስለ አካባቢው ቀደምት ሕዝብ፣ ተምረው መጥተው እየነዘነዙኝ ነው። እኔ ደግሞ የዱር አበባ፣ ወንዝ፣ ተራራ ካየሁ ይበቃኛል። እናቴ ግን ጉልበቷን ያማታል፤ ብዙ ዳገት አትችልም። መቼ ብንሄድ ነው የሚሻለው? እውነተኛ ነገር አለ ወይስ ለቱሪስት የተሠራ ድራማ ብቻ ነው? የሄዳችሁ እስቲ ንገሩን።

ናቲ_ዘደካልብ
ባትደክሚ ይሻላል እህቴ። እዛ ያለው ካዚኖ ነው። ከዛ በመንገዱ ግራና ቀኝ ላባ ደፍቶ ፎቶ የሚያስነሳ ሰው፣ የሲሚንቶ ድንኳን፣ የፕላስቲክ ቀስት። ከአንዱ ሱቅ ለልጄ "የእጅ ሥራ" ብዬ የገዛሁት የላባ ጌጥ ከጀርባው ቻይና የተሠራ ይላል። ሦስት ሰዓት ነድቼ ለዚህ!

ተራራ_ወዳድ
ናቲ፣ ያየኸው ዋናውን መንገድ ብቻ ነው። እዛ ያሉት የሾጣጣ ድንኳኖችም፣ እስከ ወገብ የሚወርደው የላባ ቆብም የቼሮኪ አይደሉም። የሜዳማው ምዕራብ ሕዝቦች ናቸው እንደዛ የሚለብሱት። ቼሮኪዎች የኖሩት በጭቃ በተመረገ የእንጨት ቤት ነው፤ ኋላ ደግሞ በግንድ ቤት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መኪና የያዘ ቱሪስት ሲጎርፍ ሰው ፊልም ላይ ያየውን "ቀይ ህንድ" ነበር የሚፈልገው፤ እነሱም እንጀራ ነውና አቀረቡለት። አፍረው የተዉት አሉ፣ ቤተሰቡን በዛ ያሳደገም አለ። እኔ አልፈርድም። ግን ገንዘቤንም እዛ አላጠፋም።

ማሪዬታዊት፣ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ከሁሉ በፊት ኦኮናሉፍቲ መንደር ሂዱ። ከ1952 ጀምሮ ያለ ነው። በ1760ዎቹ የነበረ የቼሮኪ መንደር ምን እንደሚመስል ያሳያሉ፤ የሚያሳዩትም ራሳቸው ቼሮኪዎች ናቸው። አስጎብኚው ከአንዱ ወደ ሌላው ይወስዳችኋል። አንዱ ጋ የፖፕላር ግንድ በእሳት እየለበለቡ፣ የከሰለውን እየፋቁ ጀልባ ሲያወጡ ታያላችሁ። ሌላው ጋ ሴቶቹ የወንዝ ሸምበቆ ሰንጥቀው ቅርጫት ይሠራሉ። ጥቁር ቡናማውን ቀለም ከዋልነት ዛፍ ሥር፣ ቀዩን ደም መሳይ ፈሳሽ ካላት ትንሽ ተክል ያወጣሉ። እናትሽ ጎንደሬ ከሆኑ ስፌት ያውቃሉና እዛ ጋ ነው የምታጧቸው። ቁጭ ብለው ከሠሪዋ ጋር በእጅ ሲግባቡ ይታየኛል።

ልጆቹ የሚወዱት የሚነፋውን ቱቦ ነው። ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ሸምበቆ ነው፤ ውስጡ ተቦርቡሮ ለስልሷል። ቀስቷ ቀጭን እንጨት ናት፤ ጭራዋ ላይ የደረቀ የእሾህ አበባ ጥጥ ተጠምጥሞባታል። ጥጡ ቱቦውን ስለሚሞላው ትንፋሹ አያመልጥም። ፉ! ሲል ድምፁ እንኳ አይሰማም፤ ቀስቷን ዒላማው ላይ ተሰክታ ነው የምታያት። ድሮ ጥንቸልና ወፍ ያድኑበት ነበር።

መንደሩ በብርዱ ወቅት ዝግ ነው። በሰመርም ቢሆን በሳምንት ውስጥ የሚዘጋበት ቀን ስላለ ከመነሳታችሁ በፊት ድረ ገጹን እዩ።

ለእጅ ሥራ ደግሞ ኳላ አርትስ ኤንድ ክራፍትስ የሚባል የባለሙያዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፤ በ1946 የተቋቋመ። ከተማው ውስጥ ካለው የቼሮኪዎች ሙዚየም ፊት ለፊት ነው። ዋጋው ይቆነጥጣል፤ ግን የሠራው ሰው ይታወቃል።

የታሪክ_ተማሪ
ከላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ልጆቹ ተምረው ከመጡ ግን መጀመሪያ እዛው አጠገባችሁ ያለውን አሳያቸው እላለሁ። የምትኖሩባት ማሪዬታ ከተማ ራሷ የቆመችው በቼሮኪዎች መሬት ላይ ነው። ከቻታሁቺ ወንዝ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለው የጆርጂያ ምድር በ1830ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የእነሱ ነበር። ዳሎኔጋ አካባቢ ወርቅ ተገኘ። በ1832 ግዛቲቱ መሬቱን በሎተሪ ለነጮች አደለችው። ባለቤቶቹ ገና ቤታቸው ውስጥ እያሉ!

በአይ-75 ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ብትነዱ ካልሁን አጠገብ ኒው ኢኮታን ታገኛላችሁ። ከ1825 ጀምሮ የቼሮኪ ብሔር ዋና ከተማ ነበረች። ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ማተሚያ ቤት ነበራት። ሴኮያ የሚባል ማንበብና መጻፍ የማይችል ብረት ሠሪ በ1821 ፊደል ቀርጾ ጨረሰ። የእያንዳንዱ ፊደል ድምፅ እንደኛው ሆሄ ሙሉ ቀለም ነው፤ ዛሬ የሚጠቀሙበት 85 ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 1828፣ በዚያ ፊደልና በእንግሊዝኛ ጋዜጣ አሳተሙ። ማተሚያ ቤቱ እንደገና ተሠርቶ ቆሟል። ከዘመኑ ሳይፈርስ የተረፈው ዎስተር የሚባል ሚስዮናዊ ቤት ብቻ ነው። ይኼ ሰውዬ ነው ጆርጂያን ከሶ በ1832 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የረታው። ፕሬዚዳንት ጃክሰን ግን ፍርዱን አላስፈጸመም።

በ1835 ጥቂት ሰዎች ያለ መንግሥታቸው ፈቃድ እዛችው ኒው ኢኮታ ላይ መሬቱን ለአሜሪካ የሚያስረክብ ውል ፈረሙ። በ1838 ወታደር መጣ። 16 ሺህ ያህል ሰው ወደ ኦክላሆማ ተጋዘ፤ 4 ሺህ ያህሉ በመጠለያና በመንገድ እንዳለቀ ይገመታል።

ታዲያ ኖርዝ ካሮላይና ያሉት ከየት መጡ? አንዳንዶቹ ቀድመው ከብሔሩ ወሰን ውጭ በራሳቸው ይዞታ ሰፍረው ስለነበር ግዞቱ አልነካቸውም። ሌሎቹ ተራራ ገብተው ተደበቁ። ቼሮኪ መሬት በስሙ መግዛት በማይችልበት ጊዜ፣ እነሱ ያሳደጉት ቶማስ የሚባል ነጭ ነጋዴ በገንዘባቸው በስሙ ገዛላቸው። ዛሬ ኳላ ባውንደሪ የሚባለው ያ መሬት ነው። ለዚህ ነው "ሪዘርቬሽን"፣ ማለት መንግሥት የከለለላቸው መሬት፣ ስትላቸው ብዙዎቹ የሚያርሙህ፤ መንግሥት አልሰጠንም፣ ገዝተነው ነው ይላሉ።

ማሪዬታዊት
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ይኼን ሁሉ ዓመት እዚህ ማሪዬታ ስኖር ኮብ ካውንቲያችን የማን እንደነበር ጠይቄ አላውቅም። ኒው ኢኮታን በሚቀጥለው ቅዳሜ እናደርጋታለን።

ወሩን ግን ማንም አልነገረኝም። ሰመር ወይስ ኦክቶበር?

ሹፌሩ
ኦክቶበር። አለቀ።

መንገዱን ልንገርሽ። ከአትላንታ በአይ-85፣ ከዛ 985፣ ከዛ 441ን ይዘሽ በክሌይተን፣ በፍራንክሊን አድርገሽ ቀጥ ብለሽ ቼሮኪ ነሽ። ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። አይ-40 ላይ አትውጪ። በ2024 ሄሊን አውሎ ነፋስ በፒጅን ወንዝ ገደል በኩል መንገዱን ጎርፍ ወስዶታል። በማርች 2025 በየአቅጣጫው አንድ አንድ መስመር ተከፍቶ ነበር። እኔ በትራክ እዛ ተሰልፌ የቆምኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ለአትላንታ ሰው ግን አያስፈልገውም።

ቅጠሉ ቀለም ሲቀይር ቅዳሜና እሁድ መኪናው አይንቀሳቀስም። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ግቢ።

ተራራ_ወዳድ
ጋሽ ሹፌሩ ፈርደዋል። እኔ ግን ትንሽ ላብራራ፤ ሁለቱ ወቅቶች የየራሳቸው ነገር አላቸው።

ሰመር ከሄድሽ የምታገኚው የማታ ቲያትሩን ነው። "አንቱ ዚዝ ሂልስ" ይባላል፤ ከ1950 ጀምሮ በየሰመሩ ተራራው ጎን ላይ በተሠራ ክፍት መድረክ ይታያል። ታሪኩ ከአውሮፓውያን መምጣት ተነስቶ እስከ ግዞቱ ይደርሳል። በወንዙ ዳር አንዳንድ ማታ እሳት አንድደው ተረት ይነግራሉ፤ ልጆች ማርሽሜሎ ይጠብሳሉ። ውሃው ላይ በጎማ መንሳፈፍ አለ። በጁን መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ ከከተማው አጠገብ ባለው የስሞኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እኩል የሚያበሩ እኩል የሚጠፉ የእሳት ትሎች አሉ። እሱን ግን በቴነሲ በኩል ነው የምታዪው፤ በሎተሪ ካልደረሰሽ መኪና አያስገቡም።

ኦክቶበር ላይ ቲያትሩ የለም። በምትኩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቼሮኪ አውደ ርዕይ አለ። ከ1914 ጀምሮ ያለ ነው፤ መጀመሪያ የመኸር ምርት ማሳያ ነበር። ዛሬም ትልቁን ዱባ፣ ምርጡን በቆሎ፣ ምርጡን ቅርጫት ያወዳድራሉ። ዥዋዥዌውም፣ ጥብሱም፣ ሙዚቃውም አለ። ቱሪስት ይገባል፤ በዓሉ ግን የራሳቸው ነው። አያቶች ወንበራቸውን ይዘው መጥተው የልጅ ልጆቻቸውን ጨዋታ ያያሉ።

ጨዋታው ስቲክቦል ነው። ናቲ፣ አንተ ይኼን ብታይ ኖሮ እንደዛ አትጽፍም ነበር። የኛን ገና ጨዋታ አስብና ትግልን ጨምርበት። እያንዳንዱ ተጫዋች ጫፉ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ሁለት አጭር ዱላ ይዟል። ኳሷ ትንሽ ናት። ራቁት ደረት፣ ባዶ እግር፣ መከላከያ የሚባል ነገር የለም። ኳሷ አንዱ የተጫዋች ክምር ሥር ትገባለች፤ የቀረው ሜዳው ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይተቃቀፋል፣ ይጣላል። ቀጭን አርጩሜ የያዙ ሽማግሌዎች በመሃል እየዞሩ ነገሩ ሲከር በአርጩሜዋ ጣል ያደርጋሉ። ቀድሞ 12 ያስገባ ያሸንፋል። ዎልፍታውን፣ ቢግ ኮቭ እያሉ በየቀበሌያቸው ነው የሚሰለፉት፤ የቆየ ቂም ያለ ነው የሚመስለው። በነሱ ቋንቋ "ትንሹ ጦርነት" ይሉታል። ድሮ በመንደሮች መካከል ጠብ ሲነሳ በዚህ ይዳኙ ነበር።

የ6 ዓመቱን ልጅሽን ከመስመሩ ራቅ አድርጊው። ተጫዋቾቹ ተመልካች አለ ብለው አያቆሙም።

ናቲ_ዘደካልብ
እሺ ይኼ ያጓጓል 😂። ግን ካዚኖውስ? ባህል ባህል ስትሉ እሱን ዘላችሁት።

የታሪክ_ተማሪ
አልዘለልነውም። በ1997 ነው የተከፈተው። ከትርፉ ግማሹ ለጎሳው አባላት በነፍስ ወከፍ ይከፋፈላል። ግማሹ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ ቤት፣ መንገድ ይሆናል። ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በቼሮኪ ቋንቋ የሚማሩበት ኒው ኪቱዋ የሚባል ትምህርት ቤት አላቸው። ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው በጣም ጥቂት፣ አብዛኛውም ሽማግሌ ነው። ለማስተማር ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ቁማር አልወድም። ግን "ባህላቸውን ሸጡ" የሚለው ወሬ አይዋጥልኝም።

ወደ ብራይሰን ሲቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ኪቱዋ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። መሃሉ ላይ ትንሽ ጉብታ ታያላችሁ። ቼሮኪዎች እናት ከተማችን የሚሉት እሱን ነው። በ1820ዎቹ ከእጃቸው ወጥቶ በ1996 በገንዘባቸው መልሰው ገዙት። መኪና አቁመው ያያሉ፤ ጉብታው ላይ ግን አይወጣም። ቅዱስ ቦታ ነው።

ከቱልሳ
ሰላም ወገኖች። ስለ ቼሮኪ ሲወራ ኦክላሆማ ትዝ አለመባሏ ገርሞኝ ገባሁ። አብዛኛው ቼሮኪ ያለው እዚህ ነው። በመንግሥት የታወቁ ሦስት ጎሳዎች አሉ፦ እዛ ያላችሁት የምሥራቁ፣ እዚህ ደግሞ የቼሮኪ ብሔርና የኪቱዋ ዩናይትድ ባንድ። የቼሮኪ ብሔር ብቻውን ከ450 ሺህ በላይ ዜጋ አለው።

እኛ ጋ ትልቁ በዓል በሌበር ደይ ሰሞን ታሌኳ ከተማ ላይ ነው። ከ1953 ጀምሮ ይከበራል። ተግዘው ከመጡ በኋላ በሴፕቴምበር 6 ቀን 1839 ሕገ መንግሥት ያጸደቁበትን ቀን ነው የሚያስቡት። ሰልፍ አለ፣ ስቲክቦል አለ፣ ፓውዋው አለ። እኔ የምወደው ግን የበቆሎ አገዳ ተኩስ የሚሉትን የቀስት ውድድር ነው። አገዳ ከምረው ከሩቅ ይወረውሩበታል፤ ነጥብ የሚቆጠረው ቀስቱ በበሳው አገዳ ቁጥር ነው። ደግሞ የቢሊያርድ ኳስ በሚያህል ድንጋይ አምስት ጉድጓድ ላይ የሚጫወቱት ብይ አለ። ጢም ያላቸው ሰዎች ተንበርክከው ሲከራከሩ ብታዩ!

ከፓውዋው ጋር የተያያዘ አንድ ነገር። ያ በከበሮና በላባ የሚደምቀው ጭፈራ የብዙ ሕዝቦች የጋራ ሆኖ ከሜዳማው አገር የተስፋፋ ነው። የቼሮኪዎች የራሳቸው ሌሊቱን በእሳት ዙሪያ የሚዞሩት ነው፤ ሴቶቹ እግራቸው ላይ የኤሊ ቅርፊት አስረው ይረግጣሉ። ለእይታ ካላቀረቡት በቀር እሱ ጸሎት ነው። ካሜራ አይወጣም።

ዓሣ_አጥማጁ
ማንም ስለ ዓሣ አላነሳም እንዴ? ቼሮኪ ማለት ትራውት ነው! ጎሳው ራሱ እያረባ ወንዙ ውስጥ ይጨምራል። የኖርዝ ካሮላይና ፈቃድ አይሠራም፤ የጎሳውን ፈቃድ ነው የምትገዙት፣ በቀን ወይም በበርካታ ቀን። ሬቨን ፎርክ ላይ ደግሞ ይዞ መልቀቅ ብቻ የሚፈቀድበት ክፍል አለ፤ ትልልቆቹ እዛ ናቸው። ወሰኑን ግን እወቁ። ፓርኩ ውስጥ ከገባችሁ የጎሳው ፈቃድ ዋጋ የለውም፤ የግዛቱን ነው የሚጠይቋችሁ።

እትዬ_ብርቄ
የኔ ልጅ ማሪዬታዊት፣ ስለ እናትሽ ምግብ ማንም አላሰበም። በሰመር ከሄዳችሁ ፍልሰታ ይገጥማችኋል። ኦክቶበር ደግሞ ጽጌን የሚጾሙ ከሆነ ያው ነው። የኛ እናቶች ጾም የማይደርስበት ወር የለም።

እዛ የባቄላ ዳቦ የሚሉት አለ። በአመድ ውሃ የተፈተገ የበቆሎ ዱቄት ከአደንጓሬ ጋር ያቦኩና በቅጠል ጠቅልለው ይቀቅሉታል። የጥንቱ ጨው እንኳ የለውም። ጾም ነው። ግን አንዳንድ ቦታ ላዩ ላይ የአሳማ ስብ ስለሚያፈሱበት ቀድመሽ ጠይቂ። ሥጋ የተቆለለበት የተጠበሰ ዳቦም አለ፤ እሱ ለልጆቹ ነው። ለማንኛውም በርበሬና ሽሮ በፔርሙስ ያዢላቸው።

ማሪዬታዊት
እትዬ ብርቄ ኑሩልኝ! ጽጌንም ትጾማለች፣ እንዴት አወቁ 😄

እንግዲህ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ወስነናል። ቲያትሩ ይቅር፤ የ6 ዓመቱ ልጅ በሌሊት ስለ ሞት የሚያሳይ ነገር ቢያይ እንቅልፍ አያስተኛኝም። ጉልበት ለሚያመው ሰው የሚሆን ተፈጥሮ የቱ ጋ ነው?

ተራራ_ወዳድ
ሚንጎ ፏፏቴ ሰው ሁሉ ይልክሻል። ያምራል፤ ግን 161 ደረጃ አለው። እናትሽን ከወንዙ ዳር ቁጭ አድርጋችሁ በየተራ ውጡ። እዛ የጎሳው መሬት ስለሆነ የፓርኩ የመኪና ማቆሚያ ታግ አያስፈልግም።

ለእሷ የሚሆነው ኦኮናሉፍቲ የወንዝ ዳር መንገድ ነው። ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። የሚጀምረው ከጎብኚዎች ማዕከሉ ነው፤ በመንገዱ ላይ የቼሮኪን ተረትና ቦታ የሚናገሩ በሁለት ቋንቋ የተጻፉ ሰሌዳዎች አሉ። ልጆቹ የሴኮያን ፊደል እዛ ላይ ይቁጠሩ።

ማዕከሉ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ደግሞ ኤልክ የሚባሉት ግዙፍ አጋዘኖች ይወጣሉ፤ ማለዳና ወደ ማታ። እዚህ አገር ከ1700ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ጠፍተው ነበር። በ2001 25፣ በሚቀጥለው ዓመት 27 አምጥተው ለቀቁ፤ አሁን የነሱ ልጆች ናቸው። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር የሚፈላለጉበት ወቅት ስለሆነ ወንዱ ይጮኻል። በዛ ግዝፈቱ ወፍራም ድምፅ ትጠብቂያለሽ፤ የሚወጣው ግን እንደ ፉጨት የቀጠነ ነው። ከ45 ሜትር በላይ ራቁ፤ ሕጉም ነው። ዘንድሮም የሆነ ሰው ሰልፊ ሊነሳ ሲጠጋ ማየታችን አይቀርም።

ኩዎሂም አለ። ድሮ ክሊንግማንስ ዶም ይባል የነበረው፣ በሴፕቴምበር 2024 የቼሮኪ ስሙ የተመለሰለት። የፓርኩ ከፍተኛ ቦታ ነው፤ 2,025 ሜትር። ለጎንደሬ ይኼ ከፍታ አይባልም፤ ከተማዋ ራሷ ትበልጠዋለች። መኪና እስከ ላይኛው ማቆሚያ ይደርሳል፤ እይታው ከዛው ጥሩ ነው። ወደ ማማው የሚወስደው 800 ሜትር ግን ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ እናትሽን አትሞክሪባት። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ቀለሙ ከላይ ነው የሚጀምረው። ከታች ከተማው ገና አረንጓዴ እያለ ላይ ቀይና ቢጫ ታገኛላችሁ።

ሹፌሩ
ጃኬት ያዙ። ላይኛው ላይ ይበርዳል።

ማሪዬታዊት
ፓርኩ መግቢያ ስንት ነው?

ዓሣ_አጥማጁ
መግቢያ ነፃ ነው። ከ15 ደቂቃ በላይ መኪና የምታቆሙ ከሆነ ግን የማቆሚያ ታግ ትገዣለሽ፦ ለቀን 5፣ ለሳምንት 15፣ ለዓመት 40 ዶላር። ሁለት ቀን ከሆናችሁ እንኳ የቀኑን ሁለት ጊዜ ግዢ፤ የሳምንቱ አያዋጣም። ጎብኚዎች ማዕከሉ ጋ ይሸጣል። ሆቴሉን ግን ዛሬውኑ ያዙ፤ የአውደ ርዕዩ ሳምንት ከቅጠሉ ወቅት ጋር ይገጥማል።

ናቲ_ዘደካልብ
ማሪዬታዊት፣ ቀኑን ስትቆርጡ እዚሁ ጻፊው። ስቲክቦሉ የሚውለው ቀን ከሆነ እኛም ልጆቹን ይዘን እንመጣለን። ዶሮ ጥብስ በኔ፣ ሽሮው በእናትሽ።